ውሃ የሚጠራው ክላክስ

የመጀመሪያውን ማይክሮኮንትሮለር ያየሁት ካርቶን ውስጥ፣ ከተሰበረ የፕሪንተር ክዳን ሥር ነው። ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ነበር። ካርቶኑን ማን እንደላከው በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። እርዳታ ነው ተባለ። በኮረም በኩል በመጣ የጭነት መኪና፣ በሲሚንቶ ከረጢቶች መሀል ተወሽቆ ደረሰ። ዕቃው ሲከፋፈል የብየዳ መምህሩ ጓንቱን፣ የእንጨት ሥራ መምህሩ መነጽሩን ወሰዱ። የተረፈው አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ስፖንጅ ላይ የተሰኩ እግራቸው የበዛ ጥቋቁር ነገሮችና አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር።

የክፍላችን ኃላፊ ከጥቁሮቹ አንዱን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አይሲ፣ ቺፕ የሚሉት ይመስለኛል» አልኩ።

«ምን ይሠራል?»

መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። «የታዘዘውን ሁሉ ይላል።»

«እንግዲያው አንቺ ውሰጂው። እኔ የሚታዘዝ ነገር ደርሶኝ ስለማያውቅ አያያዙን አላውቅበትም።»

ኮሌጅ ሳለሁ የማይክሮኮንትሮለርን ምስል ለፈተና ስዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። በእጄ ነክቼው ግን አላውቅም ነበር። ነገሩ ስክሪንም ኪቦርድም የሌለው ጥፍር የሚያህል ኮምፒውተር ነው። ትእዛዙን በትልቁ ኮምፒውተር ትጽፉለታላችሁ፣ በአረንጓዴዋ ሰሌዳ በኩል ሆዱ ውስጥ ትጨምሩለታላችሁ፣ ከዚያ ነቅላችሁ የፈለጋችሁት ቦታ ትሰኩታላችሁ። መብራት አብራ ካላችሁት ያበራል፣ ደወል ደውል ካላችሁት ይደውላል። መጽሐፉ እንዲህ ሲለው ቀላል ነበር።

ችግሩ አረንጓዴዋ ሰሌዳ የምትሰካው በዚያ ሰፊ የፕሪንተር መሰኪያ ብቻ መሆኑ ነው። ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ግማሹ ያ መሰኪያ የላቸውም፣ ግማሹን ደግሞ ቫይረስ ጨርሷቸዋል። ጤነኛው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ፣ እሷው በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ነው። ጸሐፊዋ ዳንቴሉን የምታነሣው እጇን ታጥባ ነው።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለችኝ መጀመሪያ ቀን። አሳየኋት። «ታጠቢ።»

ታጥቤ ተመለስኩ። ስምምነታችን እሷ ደብዳቤ በማትጽፍበት ሰዓት ፕሪንተሩን ነቅዬ ሰሌዳዬን እንድሰካ ነበር። አንድ ቀን ግን ፕሪንተሩን ነቅዬ መልሼ መሰካቱን ረሳሁ። እሷ ደግሞ ለመምህራን የሚበተን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጨርሳ «ፕሪንት» አለችው። ፕሪንተሩ ዝም። የኔ ሰሌዳ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ግን እንደ እብድ ትርገበገብ ጀመረች።

«ደብዳቤዬ የት ገባ?» አለች ብድግ ብላ።

«እዚህ ሳይገባ አልቀረም» አልኳት ወደ ሰሌዳው እያሳየሁ።

ጎንበስ ብላ መብራቷን ስታይ ቆየች። «እና ይኼ ነው ‹በሥራ ሰዓት በማርፈድ› የሚለው?»

የማርፈድ ማስጠንቀቂያው በዚያ ቀን ሳይበተን ቀረ። መምህራኑ ይህን ሲሰሙ ማይክሮኮንትሮለር ለመጀመሪያ ጊዜ በትምህርት ቤታችን ወዳጅ አገኘ።

ትምህርቱን የምቀጥለው ቤት ነው። የምኖረው ከወላጆቼ ጋር ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ሰው ሲማር ድምፅ ካላወጣ ተማረ ብለው አያምኑም። የቺፑ ትእዛዞች ደግሞ አጫጭር፣ ምላስ የሚያስሩ ነገሮች ስለሆኑ በቃሌ ካልያዝኳቸው አልሆን አሉኝ። ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ «ጎቱ፣ ኮል፣ ኖፕ፣ ዴክፍስዝ» እላለሁ። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ሲያዳምጡ ቆዩና አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ንባቡን ትያለሽ፤ ትርጓሜው ወዴት አለ?»

«አለው አባባ። ጎቱ ማለት ሂድ ማለት ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ተባለበት።»

«ይሄዳል?»

«ሳይጠይቅ ይሄዳል።»

አባቴ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚያስተምሯቸው ተማሪዎች ወንዝ ወርደው እንዲመለሱ ሲላኩ ምን ያህል ጥያቄ እንደሚያነሡ ያውቃሉ። «ኖፕስ?»

«ኖፕ ማለት ምንም አትሥራ ማለት ነው።»

«ምንም አትሥራ ብሎ ማዘዝ!»

«ጊዜ እንዲያልፍ ነው አባባ። ቺፑ በጣም ፈጣን ስለሆነ አንዳንዴ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ ይታዘዛል።»

«እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያለው ቢሮ ውስጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያንን ሁሉ ትእዛዝ እሳቸውም በቃላቸው ያዙት። እኔ ስሳሳት ከቤት ውስጥ ሆነው ያርሙኛል። የሚያርሙት ግን ቅደም ተከተሉን እንጂ ትርጉሙን ስላልነበር አንዳንዴ ትክክል የነበረውን አስጥለውኛል።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ የሠራ ቀን ቺፑን ከትንሽ ባትሪ ጋር አገናኝቼ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። አንዲት ምስር የምታህል መብራት ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፤ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች። እኔ በደስታ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። እናቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መጥታ አየች።

«ይቺ ናት?»

«አዎ እማዬ።»

«ይኸን ሁሉ ጊዜ የደከምሽባት?»

«እኔ ያልኳትን ነው የምታደርገው እኮ! ብልጭ በይ ስላልኳት ነው።»

እናቴ ቀና ብላ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አየች። መብራት ከሄደ ቆይቷል። «ያንንስ ብትይው?»

እናቴን ለማሳመን የሚጠቅም ነገር መሥራት እንዳለብኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ የሚጠቅም ነገር ለማግኘት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በሰፈር በተራ ነበር የሚመጣው። ተራው መቼ እንደሆነ በግምት ይታወቃል፤ ሰዓቱ ግን አይታወቅም። የእኛ ግቢ ቧንቧ ለአካባቢው ሁሉ ስለሚያገለግል ሴቶቹ ተራ ገብተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ጥጥ የሚፈትል ይፈትላል፣ የሚያማ ያማል። ቧንቧው ሲያጉረመርም አንዷ ትጣራለች፣ ሰፈሩ በጀሪካን ይጥለቀለቃል። ጠባቂዋ ካንቀላፋች ወይም ወሬው ካማራት ግን ውሃው ሳይታወቅ መጥቶ ሳይታወቅ ይሄዳል፤ ለሳምንት መኳረፍ ነው።

እኔ የቧንቧው አፍ ውስጥ ሁለት ሽቦ አስገባሁ። ውሃ ሲነካቸው ቺፑ ያውቃል፣ ካወቀ ክላክስ ያስጮሃል። ክላክሱን የሰጠኝ ወደ አምደወርቅ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የሱ መኪና አዲስ ክላክስ ስለገባላት አሮጌው ተርፎት ነበር። ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኘሁት። የክፍላችን ኃላፊ መጥቶ ሲያየው ሳቀብኝ።

«ለዚህማ አንድ ትራንዚስተር ይበቃሽ ነበር። ቺፕ ምን ይሠራል?»

«ቺፑ ያስባል» አልኩት ቆጣ ብዬ።

መጀመሪያ ቀን ቺፑ ያሰበው እንዲህ ነው። ውሃ ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ውስጥ የታመቀ አየር ይወጣል፤ ቧንቧው ያስነጥሳል፣ ጥቂት ጠብታ ይተፋል፣ ከዚያ ለብዙ ጊዜ ዝም ሊል ይችላል። ቧንቧው አስነጠሰ። ቺፑ ጠብታውን ውሃ ነው ብሎ ክላክሱን ለቀቀው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እያንኳኩ ከየበሩ ወጡ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ጥቅልሉን በትከሻው አድርጎ እየሮጠ ግቢያችን ገባ።

«ቆይ! ቆይ! አንድ ሰው አለ!» ይላል።

ቆሞ ዙሪያውን አየ። ቧንቧ፣ ጀሪካን፣ ሴቶች። «መኪናው የታለ?»

«የምን መኪና?» አለች እናቴ።

«የአምደወርቁ! ክላክሱን ሰምቼ እኮ ነው!»

ሰውዬው ምሳውን ጥሎ ነበር የመጣው። እናቴ አዘነችለትና አስገብታ አበላችው። ሴቶቹ ግን ቧንቧው እስኪናገር ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ በዚያ ቀን ምንም ሳይመጣ ቀረ። አንዷ ጎረቤታችን ስትወጣ «እህቴ፣ በሚቀጥለው ማስነጠሱን ሳይሆን ውሃውን ንገሪን» አለችኝ።

ተናድጄ ፕሮግራሙን ቀየርኩት። አሁን ሽቦዎቹ ከረጠቡ በኋላ ቺፑ ወዲያው አይጮህም፤ ትንሽ ይጠብቃል፣ አሁንም እርጥብ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ይጮሃል። በጣም ኮራሁበት። ሴቶቹንም «ከእንግዲህ ማንም መጠበቅ የለበትም፤ ወደ ሥራችሁ ሂዱ» አልኳቸው።

በተራችን ቀን እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን፣ እናቴ ገበያ። ውሃው መጣ። ቺፑ ጠበቀ። ውሃው ከቧንቧው ሥር ያለውን ገንዳ ሞላ፤ ቺፑ ጠበቀ። ውሃው ገንዳውን አልፎ ግቢውን ያዘ፤ ቺፑ መጠበቁን አልተወም። እናቴ ለማኅበር ጠላ ያዘጋጀችው ብቅል ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከገበያ ስትመለስ ሰሌኑ ባዶውን እንደ ጀልባ አጥሩን ተደግፎ፣ ዶሮዎቹ እንጨት ክምር ላይ ወጥተው፣ ብቅሉ ወደ ጎረቤት እየተጓዘ አገኘችው። ውሃው ሲያባራ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወርድ፣ ክላክሱ ጮኸ።

እናቴ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል፤ የምትቆጣው በአገሩ አገውኛ፣ በኽምጣኛ ነው። እኔ ኽምጣኛ የምሰማው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ያን ቀን ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ስህተቱን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። ትእዛዞቹን ደጋግሜ አነበብኳቸው፤ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። አባቴ ጭንቀቴን አይተው መደቡ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ንባቡን አውቀዋለሁ። ትርጓሜውን አንድ በአንድ ንገሪኝ» አሉ።

«አባባ፣ ይረዝማል።»

«የቅኔ ተማሪ ከምሰማ ይቀላል። ንገሪኝ።»

ጀመርኩ። «እዚህ ጋ ቁጥር ይይዛል። እዚህ ጋ ከቁጥሩ አንድ ይቀንሳል። ዜሮ ካልሆነ ተመልሶ ይሄዳል።»

«ወዴት ይመለሳል?»

«ወደ... » አልኩና ትእዛዙን እንደገና አየሁት። ወደ መቀነሻው መመለስ ሲገባው ከሱ በላይ ወዳለው ሌላ የመጠበቂያ ዙር ነበር የምመልሰው። ትንሹን ጥበቃ በቆጠረ ቁጥር ትልቁን ጥበቃ አብሮ ይደግማል። ቺፑ ምንም አላጠፋም። ጠብቅ ብዬው ነው የጠበቀው።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አባቴ።

«አገኘሁት!»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላሉም አባባ፤ ጠየቁኝ ብቻ።»

ይህ መልስ አልጣማቸውም። በማግስቱ ለካህናቱ ሁሉ «የልጄ መሣሪያ ተበላሽቶ እኔ ነኝ ያቃናሁላት» ሲሉ ሰማኋቸው። አልከራከርኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሠራ። ቧንቧው ቢያስነጥስ ቺፑ ይታገሣል፣ ውሃው ሲመጣ ክላክሱ ይጮሃል፣ ሰፈሩ ይቀዳል። እናቴ ለገበያ ሴቶች ስለ እኔ መናገር ጀመረች። እኔም ሰፈር ውስጥ ስሄድ ደረቴ ወደፊት ይል ነበር። የኩራቴ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ፤ ከላይኛው ሰፈር መልእክተኞች መጡ።

የሚመሯቸው ምርኩዝ የያዙ ትልቅ ሴት ነበሩ። እናቴ አስቀመጠቻቸው፣ ጠላ ቀዳችላቸው። እሳቸው ጠላውን ሳይነኩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ለእናንተ ሰፈር እንደምትጠሪው ለእኛም ጥሪልን።»

«ምኑን እማማ?»

«ውሃውን ነዋ! ጡሩምባሽ ሲጮህ አይደል የሚመጣው?»

«እማማ፣ ተገላቢጦሽ ነው። ውሃው ስለሚመጣ ነው የሚጮኸው።»

ሴትዮዋ በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «ክላክሱ ጮኸ፣ ሰው ወጣ፣ ውሃ ተቀዳ። ከክላክሱ በፊት የተቀዳ ውሃ አይታችኋል?» አሉ ወደ ጎረቤቶቻችን ዞረው።

ጎረቤቶቻችን ተያዩ። «እውነት ለመናገር ከሱ በፊት የቀዳ የለም» አለች አንዷ።

«አየሽ ልጄ። አትሰስቺ።»

ወሬው ከተማውን አዳርሶ በመጨረሻ ውሃውን ከሚከፍተው ሰውዬ ጆሮ ደረሰ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያው ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። ኮረብታው ላይ ካለው የውሃ ማጠራቀሚያ ድረስ በየተራው በእግሩ ወጥቶ የየሰፈሩን መክፈቻ በገዛ እጁ የሚያዞረው እሱ ነው። ግቢያችን ሰተት ብሎ ገባ።

«እኔ ነኝ የምከፍተው!» አለ ደረቱን እየመታ። «እኔ! ዳገቱን የምወጣው እኔ፣ የሚላጠው እጅ የኔ፤ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ምን ይለኛል መሰለሽ? ‹ክላክሱ ሲጠራህ ቶሎ ውጣ› ይለኛል!»

ከልቤ አዘንኩለት። ሁለታችንም እውነቱን ለማስረዳት አንድ ቀን ቀጠሮ ያዝን። የሰፈራችን ተራ በሆነ ጧት ጎረቤቶቻችንና የላይኛው ሰፈር ሴቶች ግቢያችን ተሰበሰቡ። ሰውዬው መሀል ቆመ።

«ባትሪውን ትነቅላለች። እኔ ሄጄ እከፍታለሁ። ውሃው ያለ ክላክስ ሲመጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ።»

ባትሪውን ነቅዬ ምርኩዝ ለያዙት ሴትዮ ሰጠኋቸው፤ ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሰውዬው ኮፍያውን አጥብቆ ዳገቱን ተያያዘው። እኛ ጠበቅን። ቧንቧው አንዴ አስነጠሰ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ጸጥ አለ። ፀሐይ እየበረታች ሄደች። ሰውዬው አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ተመልሶ መጣ።

«ፓምፑ ቆሟል» አለ ወደ መሬት እያየ። «ማጠራቀሚያው ባዶ ነው።»

ሴትዮዋ ጭናቸው ላይ ያለውን ባትሪ አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ። «ነቀልሽው፤ ቆመ።»

«እማማ፣ ፓምፑ ነው የተበላሸው!»

«እኮ! ምን አበላሸው?»

እኔና ውሃ ከፋቹ ጎን ለጎን ቆመን፣ ሰው እያጉረመረመ ከግቢው ሲወጣ አየን።

መለዋወጫው ከወልድያ እስኪመጣ ከተማው ከወንዝ በአህያ ሲያስቀዳ ሰነበተ። የሚያየኝ ሁሉ «አገናኚው እንጂ!» ይለኛል። ጸሐፊዋ ሳትቀር ዳንቴሏን እያጠፈች «ምን አለበት ብታገናኚው?» አለችኝ። እኔ እምቢ አልኩ። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ባትሪ ፓምፕ አይጠግንም። ለመርህ ስል ባትሪውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እናቴ ለሁለት ቀን ምሳ ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

በመጨረሻ አባቴ ጠሩኝ።

«ብታገናኚው ፓምፑ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«ባታገናኚውስ?»

«ያው ነው፣ አይሰማም።»

«እንግዲያው አገናኚውና እናትሽ ትስማሽ።»

አገናኘሁት። ያን ዕለት ጧት መለዋወጫውን የያዘ ባለሙያ ሰቆጣ መግባቱን እኔ አላውቅም ነበር። ፓምፑ ሲሠራ ማጠራቀሚያው ሞላ፣ ሰውዬው ዳገቱን ወጥቶ ከፈተ፣ ቧንቧችን አስነጠሰ፣ ቺፑ በትዕግሥት ጠበቀ፣ ከዚያ ክላክሱ ከተማውን አናወጠው። እልልታው ከየአጥሩ ተነሣ። ምርኩዝ የያዙት ሴትዮ ከላይኛው ሰፈር ድረስ ወርደው ግንባሬን ሳሙኝ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «እልኸኛ ነሽ እንጂ ክፉ አይደለሽም» አሉኝ።

ሰውዬው ከዳገቱ ሲመለስ አጥራችን ጋ ቆሞ ይህን ሁሉ አየ። ክርክሩን ተወው። ሰው ሁሉ ቀድቶ ከሄደ በኋላ ገባና ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ጠላ ሰጠችው።

«ይኼ ነገርሽ፣» አለ ወደ ቺፑ በአገጩ እያመለከተ፣ «ውሃ መኖሩን ካወቀ ውሃ መሙላቱንም ያውቃል?»

«ያውቃል። ለምን?»

ማጠራቀሚያው መሙላቱን ለማየት በየጊዜው ዳገቱን ወጥቶ፣ በመሰላል ጣሪያው ላይ ተንጠላጥሎ ነበር የሚያጮልቀው። ጉልበቱ እምቢ እያለው ነው። በወሩ ሌላ ቺፕ ይዤ አብሬው ወጣሁ። እሱ መሰላሉን ያዘልኝ፤ እኔ ሽቦዎቹን ከማጠራቀሚያው አፍ ትንሽ ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፤ ከዳገቱ ሥር ካለው የፓምፕ ቤት አጠገብ መብራት ሰቀልኩ። ክላክስ አልፈለገም። ውሃው ሲደርስ መብራቱ በራ፤ ያለ አንዳች ስህተት፣ በመጀመሪያው ሙከራ። ከሠራኋቸው ሁሉ እንዲህ በመጀመሪያው ሙከራ የሠራ ኖሮኝ አያውቅም። ከመብራቱ ሥር ሆኜ «አየኸው? አየኸው?» እያልኩ ጮህኩ።

ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ መብራቱን በደንብ ተመለከተው፤ ራሱ ላይ ጠጉር እንደሌለው ያን ጊዜ አወቅሁ። ከዚያ ወደ ከተማው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ስለዚህኛው ለማንም አትንገሪ።»

«ለምን? ጥሩ ሥራ እኮ ነው!»

«ከእንግዲህ ውሃውን የሚሞላው እሱ ነው ይላሉ» አለኝ፤ ኮፍያውንም መልሶ አጠለቀ።